መርፌ የማይበሳው ቀሚስ

ነጻነት ከመጣ ሁለት ዓመት ቢሆነውም፣ ለትግል ሜዳ የወጣችው የለተብርሃን ልጅ አልተመለሰችም። እናት ልጇ ስትመጣ የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ ለመጨረስ ብትቀመጥ፣ የስፌት መኪናዋ ክር አልይዝ አለ። ክሩን ለወጠች፣ ዘይት ቀባች፤ ምንም። ቢጨንቃት መኪናውንም ቀሚሱንም ይዛ መደበር ወደሚባለው የጠጋኞች ገበያ፣ የስፌት መኪና የሚጠግኑት አቦይ ግርማጽዮን ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ፈታተው ጠረጉትና በቁራጭ ጨርቅ ሞከሩት፤ አሳምሮ ሰፋ።

«ደኅና ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ» አሏት።

«እስቲ በዚህ በልጄ ቀሚስ ይሞክሩት» ብላ ቀሚሱን ዘረጋችላቸው።

መርፌው ከወገቡ እስከ ጠርዙ እየወጋ ወረደ፤ ክሩ ግን ላዩ ላይ እንደተንሳፈፈ ቀረ። ሽማግሌው ቀሚሱን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት፤ በጣታቸውም ዳሰሱት። አንድም ቀዳዳ አልነበረበትም።

«ልጅሽ...» ብለው ጀመሩና ቀሚሱን በቀስታ ማጠፍ ያዙ።

«ሌላ መርፌ ይኖርዎታል፣ አቦይ?» አለች ለተብርሃን።