ስድሳው ፊርማ

ባለ ጄኔሬተሩ ሰፈሩን በሽቦ አስሮ የያዘ ሰው ነበር። የመንግሥት መብራት በሳምንት አራት ቀን ስለሚጠፋ፣ ከግቢው የሚወጣው ሽቦ ከጣሪያ ጣሪያ ተጎትቶ ዳቦ ቤቱን፣ ፀጉር ቤቱንና የየሰዉን ሳሎን ያበራል። ማጥፊያው ሁሉ ያለው እሱ ጓዳ ግድግዳ ላይ ነው። ቂም የያዘበት ሰው ቤት ይጨልማል።

ባለፈው ዓመት ቂም የያዘው በልብስ ሰፊዋ ባል ላይ ነበር። በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍስ በሽተኛ ነው። ሊጠይቁት የመጡትን ጎረቤቶች «ጣሪያችን ላይ ፀሐይ እያለች ለመብራት ለምን የሰው ፊት እናያለን?» አላቸው። ወሬው ደረሰ። ባለ ጄኔሬተሩም «እስቲ ፀሐይዋ ታስተንፍሰው» ብሎ አጠፋበት። ለአንድ ሰዓት ብቻ ነበር ያሰበው። በሽተኛው ግን አንድ ሰዓት አልነበረውም።

«ቀኑ ደርሶ ነው» አለ ባለ ጄኔሬተሩ፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። እናቱ ከቀብር ተመልሳ ሻሿን አጣጥፋ አስቀመጠች።

ዘንድሮ መንግሥት አዲስ ነገር አመጣ። ጣሪያው ላይ ሶላር ወይም ትንሽ የንፋስ ተርባይን ለሚተክል የዋጋውን ግማሽ እሸፍናለሁ፤ ሰፈሩ መፈለጉን ግን የስድሳ ቤት ፊርማ ያሳየኝ አለ። ወረቀቱ ከቤት ቤት መዞር ጀመረ።

«ልብስ ሰፊዋ ናት» አለ ባለ ጄኔሬተሩ እራቱን እየበላ። «ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በየቤቱ የምትገባው ልብስ ልትለካ መስሎሻል? እኔን ነው የምትለካው።»

«ይሆናል» አለች እናቱ።

በማግስቱ የልብስ ሰፊዋን ሽቦ ቆረጠው። እሷ ደግሞ በእግር የሚረገጠውን አሮጌ የስፌት መኪና አውጥታ በረንዳዋ ላይ ቁጭ አለች። ሲያልፍ ቀና ብላ አየችውና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። በዚያች አስተያየት ቀኑን ሙሉ ሲንገበገብ ዋለ።

ፊርማው ሠላሳ ደረሰ ሲባል ወደ እናቱ ክፍል ገባ። የሰፈሩን ግማሽ ያዋለደች፣ የተጣላውን ሁሉ ያስታረቀች ሴት ናት።

«እማዬ፣ አንቺን እምቢ የሚል የለም። ዳቦ ጋጋሪው እያመነታ ነው፤ ጡረተኛው አስተማሪም እንደዚያው። እንዳይፈርሙ ሄደሽ አነጋግሪልኝ።»

«ያልፈረመው ማን ማን ነው? ንገረኝ።»

አንድ በአንድ ነገራት። አንዱንም አልረሳችም። ከጸሎቷ መልስ በየቀኑ ሦስት አራት በር ታንኳኳና እግሯ አብጦ ትመለሳለች።

«ምን አሉሽ?»

«በደንብ ሰሙኝ፣ ልጄ።»

ዳቦ ጋጋሪው ግን ፈረመ። አስተማሪውም ፈረመ። ለባለ ጄኔሬተሩ ሲያጎበድድ የኖረው ፀጉር አስተካካይ እንኳ፣ መንገድ ላይ ሲያየው አንገቱን ደፍቶ መሻገር ጀመረ።

«እግር በእግር እየተከተለችሽ ነው፣ ይቺ እባብ!» አለ። «አንቺ ያሳመንሻቸውን እሷ ታስፈርማለች። ቆይ፣ ከዚህ ሰፈር ሳልነቅላት ብቀር እኔ ሰው አይደለሁም።»

«እሱን ተወውና የቀሩትን ንገረኝ» አለች እናቱ፣ እግሯን ጨው ውሃ ውስጥ እንደነከረች።

ስድሳው ሞላ። ወራት አልፈው ጣሪያዎቹ ላይ ጥቋቁር ሰሌዳዎች ተዘረጉ፤ ዳቦ ቤቱ አናት ላይ አንዲት ተርባይን ትሽከረከር ጀመር። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። የመጨረሻው በተፈታበት ቀን ባለ ጄኔሬተሩ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያም በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ በረንዳ ሄደ።

«ተሳካልሽ? ጉሮሮዬን ዘጋሽ፣ ልብሽ ረካ?»

ልብስ ሰፊዋ መርገጡን አቆመች። በአገጯ ወደ ጣሪያዋ አሳየችው። ከቆርቆሮ በስተቀር ምንም የለበትም።

«እኔ አልፈረምኩም» አለች። «ሶላሩን ጠልቼ አይደለም፤ መንግሥት ደግ ነገር ነው ያመጣው። እኔ እጅ ላይ ሲደርስ ግን በቀል ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። የባሌን ነገር ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ።»

ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

«ወረቀቱን ይዘው ሦስት ጊዜ ለመጡት ለእናትህም ያልኳቸው ይህንኑ ነው።»