ካራቫኑ የደረሰበት

ወይዘሮ ደብሪቱ እሑድ እሑድ ከአውስትራሊያ ደሴ ይደውላሉ፤ ለጎረቤታቸው ለሸዋዬ።

«እትዬ፣ ዛሬስ የት ደረሳችሁ?»

«ባሕሩ ዳርቻ ነን። አሸዋው ዱቄት ነው የሚመስለው። የሆቴል ዋጋ እሳት ስለሆነ በመኪና በሚጎተተው ቤት፣ ካራቫናችን ውስጥ ነው የምናድረው። ልጄ ይነዳል፣ እኔ በመስኮት አያለሁ።»

በመስኮቱ የሚታየው የልጃቸው ቤት የኋላ ግድግዳ ነው። «እማዬ፣ በዚች አገሩን በርካሽ አዞርሻለሁ» ብሎ ካራቫኑን ጓሮ ካቆመው ስምንት ወሩ፤ ሣሩ ጎማውን እስከ ግማሽ ውጦታል። ቀን የልጅ ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ፣ ሲመሽ እዚያው ካራቫን ውስጥ ይተኛሉ። ጉዞውን ሲያነሱበት «ነዳጅ ይርከስ» ይላቸዋል። አገሬ መልሰኝ ሲሉት ደግሞ «ልጆቹንስ ማን ይይዛል?» ይላቸዋል። ፓስፖርታቸውን እንዳይጠፋ ብሎ እሱ ጋ አስቀምጦታል። የአጥሩን በር ብቻቸውን ከፍተው አያውቁም። ሰፈሩ በእልልታ የሸኛቸው ሴት፣ ይሄን እንዴት ብለው ያወራሉ።

ባሕሩ ያለው ራስጌያቸው የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው፤ ለየወሩ አንድ ፎቶ አለው። ካራቫኑን የሸጠው ሰውዬ አንድ ዓይነት ሁለት መርቆላቸው ነበር፤ ሌላው፣ ልጃቸው ለሸዋዬ በሰው እጅ ስጦታ ከላከ ወዲህ፣ የት እንደገባ አያውቁም።

«በሚመጣው ወር ደግሞ የት እንደሚወስደኝ እንጃ» አሉ ለሸዋዬ።

ከዚያ፣ ከደሴ፣ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማቸው።

«ፏፏቴ ነው፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «ጭጋግ አለው። ጋቢዎን ደርበው ይሂዱ።»