ከሚታየው በታች

«ቀኝ! ከድንጋዩ ወዲያ! ወርውር እንጂ፣ አንተ ሰው!»

ባልየው ከጀልባዋ ፊት ቆሞ የወረወረው ጦር ውሃውን ሰንጥቆ ገባ። ዓሣው ጭራውን ወዝወዝ አድርጎ፣ የቸኮለ እንኳ ሳይመስል፣ ሄደ። ሚስትየው መቅዘፊያውን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ በረጅሙ ተነፈሰች። ክንዶቿ ዝለው የሌላ ሰው መስለዋታል። ከንጋት ጀምራ ስትቀዝፍ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ ጀልባዋ ውስጥ ግን አንድ የዓሣ ቅርፊት እንኳ የለም።

ባልየውን የሐይቁ ሰው ሁሉ «አይስቴ» ይለዋል። በጎረምሳነቱ፣ ጦሩ ዒላማ አይስትም ተብሎ የወጣለት ስም ነው፤ ያኔ እውነት ነበር። ሰው ያረጃል እንጂ ቅጽል ስም መቼ ያረጃል!

ልጃቸው ትናንት መጥታ ቁርጡን ነግራቸዋለች። «በቃችሁ። እኔ ጋ ግቡ፣ ጀልባዋም ትሸጥ።» አባትየው ተከራክሮ ተከራክሮ ሲያቅተው፣ «ነገ አንድ ዓሣ ይዤ ካልገባሁ ጀልባዋን ራሴ አስረክባለሁ» ብሎ ማለ። በልጅ ቤት ጥግ ይዞ መቀመጥ ለእሱ በቁም መቀበር ነው። ለእሷም ያው ነው፤ እሷን ግን የጠየቃት የለም።

ውሃ አታላይ ነው። ብርሃኑ ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ ዓሣውን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ያየኸው ላይ ከወረወርክ የምትወጋው ባዶ ውሃ ነው። ይህን ያስተማራት እሱ ነው። ገና ሙሽራ ሳለች መቅዘፊያው ውሃ ውስጥ ታጥፎ ሲታያት «ወይኔ፣ ሰበርኩት!» ብላ ጮኸች። እሱ ሆዱን ይዞ እስኪበቃው ሳቀባትና፣ «ዓሣውንም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ከምታይው በታች ነው ያለው» አላት።

አሁን ትዝ ሲላት አፈረች። እሷ ያለችው ከኋላ ነው፤ ውሃውን የምታየው በአግድም ነው። ከእሷ ዘንድ የሚታየው ዓሣና ከእሱ እግር ሥር የሚታየው አንድ ቦታ ሊሆኑ አይችሉም። ጠዋቱን ሙሉ እየጮኸች ያሳሳተችው እሷ ናት።

«ከእንግዲህ አልናገርም። አንተው አይተህ ወርውር» አለችው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ወፍራም ዓሣ ከጀልባዋ ፊት፣ ከድንጋዩ ሥር መጥቶ ቆመ። ቃሏን ጠብቃ ዝም አለች። እሱም ጦሩን ከፍ አድርጎ ቆመ። ዓሣው አልሄደም። እሱም አልወረወረም።

«መጣ?» አለ ቀስ ብሎ።

ያን ጊዜ ገባት።

«አታየውም እንዴ?»

«ብልጭታው ብቻ ነው የሚታየኝ። ካለፈው ክረምት ወዲህ የምወረውረው አንቺን እየሰማሁ ነው።»

ልትቆጣው ነበር። ስንት ጊዜ «ዓይንህን ሐኪም ይየው» ብላዋለች፤ ስንት ጊዜ «ከአንቺ የተሻለ አያለሁ» ብሏታል። ግን ለቁጣም ጉልበት ያስፈልጋል። በእንብርክኳ ተጎትታ ወደ ፊት ሄደች፤ ጀልባዋ ተወዛወዘች። ጦሩን ስትይዘው መጀመሪያ አልለቀቀላትም። ከዚያ ለቀቀላት።

«ሂድ ኋላ ተቀመጥ» አለችው፤ እጁን ይዛ መቅዘፊያውን አስነካችው።

እሱ ሲቆምበት በኖረው ቦታ ቆመች። ዓሣው ከኋላ ሆና ካሰበችው ይልቅ ወደ ጀልባዋ ቀርቦ ነበር። ዝቅ አድርጋ አነጣጠረች፤ ወረወረች። የጦሩ እንጨት እንደ ወባ ታማሚ ተንቀጠቀጠ።

«ገባ?»

«ገባ።»

ዓሣውን ጎትታ አስገብታ እግሯ ሥር አጋደመችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ጀልባዋ ከመሸጥ ተርፋለች። እሷ ግን መቀመጥ ብቻ ነው የፈለገችው፤ ተቀመጠች።

እሱ ወደ ቤት የሚመልሳቸው መስሎት እየቀዘፈ ነው፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ቀጥ ብሎ። ቤታቸው ያለበት ዳርቻ ከጀርባው እየራቀ፣ ፊታቸው ላይ ሰፊው ሐይቅ ተከፍቶ ይመጣል። አቅጣጫውን ልትነግረው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ትንሽ ይቅዘፍ ብላ ተወችው።