የመጀመሪያው ዲስክ

«የመጀመሪያውን ንቀይ ብያለሁ!» አለ ኢንጂነር ሃዚም፣ ጣቱን በግራ ጫፍ ባለው ዲስክ ላይ ቀስሮ።

የዘፈን ማኅደሩ ቴክኒሻን ነጅላ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች። ስርዓተ ክወናው ከጠዋት ጀምሮ «ቁጥር አንድ ዲስክ ሞቷል» ይላል። ሦስቱ ዲስኮች ተደጋግፈው የፖርት ሳይድ የወደብ ሽማግሌዎችን ዘፈን ይዘዋል፤ አንዱ ቢሞት ሁለቱ ይሸከሙለታል። በሞተው ፋንታ ደህናው ከተነቀለ ግን አለቀ፤ ሌላ ቅጂ የለም። ከዘፋኞቹም ዘጠኙ አፈር ለብሰዋል።

«ይህን ማሽን የገጠመው ከእኔ በፊት እዚህ የሠራው አም ሰብሪ ነው» አለች። «ሽማግሌው መቼ ከግራ ቆጥሮ ያውቃል? ጋዜጣውንም፣ ዶሚኖውንም እንደ ዐረብኛ ፊደል ከቀኝ ነው የሚጀምረው።»

«ኮምፒውተር ዐረብኛ አያነብም፣ እመቤቴ!»

«የገጠመው እጅ ግን ያነባል።»

ሃዚም ከካይሮ የመጣው ከሰዓት በኋላ ዘፈኑን ለእንግዶች ሊያሰማ ነው። ማሽኑን አጥፍቶ በዲስኮቹ ሆድ የተጻፈውን መለያ ቁጥር ማየት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ እሱ ደግሞ ቸኩሏል። የድሮዎቹ ዲስኮች ሲታመሙ ያቃስቱ ስለነበር በሽተኛው በጆሮ ይለይ ነበር። እነዚህ የማይሽከረከሩት ሲኖሩም ሲሞቱም ድምፅ የላቸውም።

«አጥፊውና ነገ ሥራ የለሽም!»

«ሥራ ከሌለኝ ቤቴ እቀመጣለሁ። ሐጅ በደዊ ግን ከመቃብር ተነስቶ ድጋሚ አይዘፍንልዎትም!»

ማጥፊያውን ተጫነች። ክፍሉ ጭር አለ። የሃዚም ፊት በርበሬ መሰለ።

ነጅላ ቀና ብላም አላየችው። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታች። የሞተውን ዲስክ መለያ ቁጥር ጠዋት ከስክሪኑ ላይ መዳፏ ላይ ገልብጣዋለች። እሱ የቀሰረበትን የግራውን አውጥታ አየች፤ አይደለም። መካከለኛውም አይደለም። የቀኙን ገለበጠችው፤ 7406። መዳፏ ላይም 7406።

የሞተውን ዲስክ ሃዚም እጅ ላይ አኖረችለት።

«ይኸው፣ የመጀመሪያው» አለች።

ሃዚም ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበ። እሷ አዲሱን ተክታ ማሽኑን አስነሳችና አንዱን ዘፈን ከፈተች። ከድምፅ ማጉያው መጀመሪያ የተሰማው የሐጅ በደዊ ሳል ነበር፤ ሊዘፍን ሲል ሁሌም እንደሚስለው።