አብላራ፣ አብላራስ

"አብላራ" እለዋለሁ።



ወንድሜ አምሳሉ ትራስ ተደግፎ አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም፤ በአማርኛም፣ በሲዳምኛም። ልጁ ፌቨን ሾርባውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"አክስቴ፣ 'ውሃ' በል፣ 'ዳቦ' በል እያላችሁ አለማምዱት ነው የተባልነው። የስፓኒሽ ግስ ማርባት ምን ያደርግለታል?"

"ውሃማ ሳይጠይቅም ትሰጪዋለሽ።"

"ዶክተሩ እኮ ላይመለስለት ይችላል ብሏል። እንልመደው በቃ።"

"አንቺ ልመጂው።"

አባታችን ኦጋዴን ሲሞት አምሳሉን ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር ኩባ ወሰዱት፤ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። ጎረምሳ ሆኖ ሲመለስ እኔ ትምህርቴን ትቼ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ዓሣ እሸጣለሁ። አጠገቤ ይቀመጥና እግሩን ሐይቁ ውስጥ ነክሮ፣ "ቋንቋው እንዳይጠፋብኝ፣ አንቺ ጀምሪልኝ" ይለኛል። ሦስት ግስ ነበረን፤ አብላራ መናገር፣ ኮሚየራ መብላት፣ ቢቢየራ መኖር። የመጀመሪያዋን እኔ እጥልለታለሁ፣ የቀረውን እሱ ያወርደዋል። "ብናገር፣ ብትናገር፣ ቢናገር ማለት ነው" ብሎኛል አንዴ። እኔ የወደድኩት ዜማውን ነው። ዓሣ ገዢዎቹ ደግሞ፣ "ምን ብለሽ ብትሰድቢው ነው እንዲህ የሚመልስልሽ?" እያሉ ይስቃሉ።

"ኮሚየራ" እለዋለሁ።

ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው።

"ተይው አክስቴ፣ ደክሞታል። ሾርባውም ቀዘቀዘ።"

"ይቀዝቅዝ።"

ያኔ ዓሣውን ጣውላው ላይ ጠፍ ጠፍ እያደረግኩ ነበር የማዜመው። አሁን ጭኔን እመታለሁ። ጠፍ። "በል እንጂ ጋሼ።" ጠፍ። "ቢቢየራ።" ጠፍ።

ደህነኛው የከንፈሩ ጎን ይንቀሳቀሳል።

"...ራስ።"

ፌቨን ከበሩ ትላቀቃለች። እኔ መምታቴን አላቆምም፤ ካቆምኩ የሚጠፋበት ይመስለኛል።

"ቢ... ቢየራስ" ይላል። ድምፁ የሱ አይመስልም፤ ዜማው ግን የሱ ነው። "ቢቢየራ። ቢቢየ... ቢቢየራሞ..."

"ምን እያለ ነው?" ትለኛለች ፌቨን፣ በሹክሹክታ።

"ቆይ፣ አልጨረሰም።"

ለሀጩ በአገጩ እየወረደ አንገቱ ስር ይገባል። ፎጣው እጄ ላይ ነው። አልጠርግለትም።