የታላቅ ወንድም ገንዳ

የቧንቧ ሠራተኛው ታላቅ ወንድም፣ ጎረቤቱም የሆነው፣ ልጅ የለውም፤ ከጣሪያው በሚወርድ ዝናብ የሚሞላ መዋኛ ገንዳ ግን አለው። የሠራተኛው ሁለት ልጆች ከዚያ ገንዳ አልወጣ ስላሉ የአባታቸው አንጀት አረረ።

«በውሃ አታሎ ልጆቼን ቀማኝ!» አላት ሚስቱን።

«አንተ ደግሞ፣ በዝናብም ትቀናለህ?» ብላ ሳቀችበት።

የገንዳው ውሃ ለጽዳት በተደፋ ዕለት ደመናው ሲጠቁር፣ ተደብቆ የወንድሙን አሸንዳ ወደ ራሱ በርሜል አዞረው። ሲዘንብ አደረ።

ጠዋት በርሜሉ ሞልቶ ሲፈስ አየና ደስ አለው። በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሲመለከት ግን ገንዳውም ጢም ብሏል። ሁለቱ ልጆቹ ይንቦጫረቃሉ፤ ወንድሙም ዳር ተቀምጦ ይስቃል።

«እናንተ ልጆች፣ አሁኑኑ ውጡ!»

«መጣን፣ አባዬ!» የሚል ድምፅ ከኋላው ሰማ። ሁለቱም ልጆቹ ዓይናቸውን እያሹ ከመኝታ ቤት ወጡ።

ገንዳው ውስጥ ያሉት ደግሞ ወደ ወንድሙ ዞሩ።

«አባዬ፣ ይሄ የሚጮኸው ሰውዬ ማነው?»