ቀድሞ የወጣ ስም

ተመራማሪው ከቤተ ሙከራ ሲመለስ፣ ወሬውን ለሚስቱ ለትርሲት እንዴት እንደሚነግራት ጨንቆት ነበር። በሠርጋቸው ሰሞን፣ ከቀይ ባሕር ከተቀዳ ውሃ በማይክሮስኮፕ ያገኛትን ደቃቅ ተንሳፋፊ ፍጥረት በትርሲት ስም ሰይሟት ነበር። አጽሟ እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ለስላሳ ድቡልቡል ነው። አሁን የዲኤንኤው ውጤት መጣና፣ ቀደም ብሎ በሌላ ሴት ስም ከሰየማት እሾሃም ፍጥረት ጋር፣ መልካቸው ቢለያይም፣ አንድ ዝርያ ሆና ተገኘች።

«ታዲያ ምን አለበት?» አለች ትርሲት።

«በዝርያ አሰያየም ሕግ መሠረት ቀድሞ የወጣው ስም ይጸናል። ያንቺ ይሰረዛል።»

ትርሲት የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠች። «ሴትዮዋን ከእኔ በፊት ነው የምታውቃት?»

«ኧረ ባንቺ ነው ያወቅኋቸው። ሽማግሌ ስልክ ፊት እንዳይነሱኝ ብዬ ነው በስማቸው የሰየምኩት። የእሾሃሟን ፍጥረት ፎቶም በፍሬም አድርጌ በሽማግሌዎቹ እጅ ልኬላቸዋለሁ።»

ትርሲት ቀና ብላ አየችው። «እናቴ ሳሎን የተሰቀለችው ጃርት?»

«እሷው ናት።»

ስልኳን አንስታ ደወለች። «እማዬ» አለች ሳቋን እየታገለች፣ «ጃርትሽ ስሜን በላችው።»